የተመሰገነች መርከብ ለምን ተሳፋሪ አጣች?

ሜይ 8 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. «ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ 2፦ ዴድፋየር» የተባለው የኮምፒውተር ጌም ለገበያ ቀረበ። በዚያ ሰሞን የወጡት ግምገማዎች በአንድ ድምፅ አወደሱት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የሃያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ከመቶ 88 መዘገበለት። በዓመቱ መጨረሻ የዘ ጌም አዋርድስ ሽልማት በምርጥ አርፒጂ (የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱት ጌም) ዘርፍ ካጫቸው አምስት ጌሞች አንዱ ሆነ። ገንዘባቸውን ከፍለው የተጫወቱትም በስቲም መደብር ላይ የጻፉት አስተያየት በአብዛኛው ምስጋና ነው። ሽያጩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ዳይሬክተሩ ጆሽ ሶየር በ2019 ስለ ሦስተኛ ክፍል ሲጠየቁ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ መሸጡን ሳይሸሽጉ ገለጹ። ምክንያቱን በእርግጠኝነት ማወቅ እንዳልቻሉና ይህ ሳይታወቅ ሌላ ክፍል መጀመር ከባድ እንደሆነም አስረዱ።

ሃያሲም ተጫዋችም የወደደው ሥራ ገበያ ላይ እንዴት ይቀዘቅዛል? ብዙዎች መልሱን በማስታወቂያ ማነስ፣ በውጊያው ስልት ወይም በወቅቱ መጥፎነት ይፈልጉታል። ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ወደ እነሱም እመለሳለሁ። ውዳሴውንና ወቀሳውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ግን ደጋግሞ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው አፉን ሞልቶ ያመሰገነው ደሴቶቹንና በደሴቶቹ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ነው። ጌሙ ራሱን ያስተዋወቀው ግን በባሕር ላይ ወንበዴ ሕይወት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የጌሙን ዕጣ በብዙ ወስኗል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስቀምጠው። ጌሙን የሠራው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦብሲዲያን ኢንተርቴይንመንት ሲሆን ያሳተመው ቨርሰስ ኢቭል ነው። ተጫዋቹ የሙታንን ነፍስ ማየትና የሰዎችን ያለፈ ሕይወት ማንበብ የሚችል ሰው ሆኖ ይጀምራል። ከተጫዋቹ ግንብ ሥር ተቀብሮ የነበረ፣ አድራ ከተባለ አረንጓዴ ድንጋይ መሰል ነገር የተሠራ ግዙፍ ሐውልት ድንገት ይነሣል፤ ግንቡን ያፈርሳል፤ ነዋሪውን ይጨርሳል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ያቀናል። ሐውልቱ ውስጥ ያደረው ሞቷል ተብሎ የታመነ ኢዮታስ የተባለ አምላክ ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሰው ተጫዋች ቤራት በተባለው የሞት አምላክ ትእዛዝ ያንን ሐውልት ፍለጋ ይወጣል። ዴድፋየር ሐውልቱ የሚሄድበት የደሴቶች አገር ስም ነው። ስለዚህ መርከብ ያስፈልጋል፤ ለመርከቡ መርከበኞች፣ ለመርከበኞቹ ስንቅና ደመወዝ። ጉዞው በካርታ ላይ፣ ውጊያው ከላይ ወደ ታች በሚታይ መድረክ ላይ ሲሆን ተጫዋቹ እስከ አምስት ሰው ያለው ቡድን ይመራል።

የሃያስያንን ልብ የወሰደችው ነከታካ ናት። ነከታካ የሁአና ሕዝብ ዋና ከተማ ስትሆን ተራራ ላይ በደረጃ በደረጃ የተሠራች ናት። ከአናቱ የንግሥት ኦኔካዛ ቤተ መንግሥት፣ ዝቅ ሲባል ቤተ መቅደሶቹና የነጋዴው ሰፈር፣ ከዚያ ወደቡ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ፀሐይ የማይደርስበት ገደል ውስጥ «ጉሮሮ» የሚባለው የድሆች ሰፈር አለ። ሁአናዎች በሦስት መደብ ይከፈላሉ፤ ማታሩ ተዋጊውና ገዢው፣ ኩዋሩ ባለሙያው፣ ሮፓሩ ደግሞ የሁሉም አገልጋይ ነው። ምግብ ሲከፋፈል ከላይ ይጀመርና ለሮፓሩ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ተጫዋቹ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ የሚያገኘው ሰው ረሃቡን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ የሚያስረዳ ሰው ነው። አንዳንዱ ይህን ሥርዓት የሚነካ የውጭ ሰው ሲመጣ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ለማብላት ከሌባም ከነጋዴም ጋር ይስማማል። ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ የሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። በቅኝ ገዢ ኩባንያዎች የተከበበውን ሕዝብ ነውር የሌለበት የዋህ አድርገው አላቀረቡትም። ንግሥቲቱ አገሯን ከወራሪ ለማዳን ስትታገል ከእግሯ ሥር የራሷ ሰው ይራባል። ተጫዋቹ ለማን ይወግን?

ወራሪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። የቫይሊያን የንግድ ኩባንያ የሚፈልገው የነፍስ ኃይል ያለበትን የሚያበራ አድራ ነው፤ ውል ያስፈርማል፣ ሊቃውንት ያሰማራል፣ ትርፉን ያሰላል። የራዋታይ መንግሥት የላከው ንጉሣዊ የዴድፋየር ኩባንያ ደግሞ በመድፍና በመርከብ ብዛት የሚተማመን ሲሆን፣ አገሩ የእርሻ መሬት አጥሮት ማዕበል የሚደበድበው ስለሆነ ደሴቶቹን ለምግብ ይፈልጋቸዋል፤ ከሁአናም ጋር የዘር ዝምድና እንዳለው ይሰብካል። አራተኛው ወገን ፕሪንሲፒ የሚባሉት የባሕር ላይ ወንበዴዎች ናቸው። እነሱም በሁለት ካፒቴኖች ተከፍለዋል፤ ፉራንቴ የጠፋውን የጥንት መንግሥታቸውን ክብር የመመለስ ሕልም አለው፣ ኤልዲስ ደግሞ ማንም የማያዝዛት የባሕር ሕይወት ትፈልጋለች። ፉራንቴ በባሪያ ንግድ እጁ አለበት። ስለዚህ በወንበዴነት መደሰት የፈለገ ተጫዋች እንኳ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

እኛ ዘንድ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በ1869 አሰብ ላይ ከአካባቢው ሱልጣኖች መሬት ገዛ፤ በ1882 ወደቡ ወደ ጣሊያን መንግሥት ተላለፈ። ከነጋዴው ውል በኋላ ማን እንደመጣ ታሪካችን መዝግቦታል። የዴድፋየር ቫይሊያኖች ደግሞ ስማቸውም፣ አነጋገራቸውም፣ አለባበሳቸውም ከህዳሴ ዘመን የጣሊያን ከተሞች የተቀዳ ነው። ፈገግ ብሎ ውል የሚዘረጋውን የኩባንያውን ዳይሬክተር ካስቶልን የሚያነጋግር ኢትዮጵያዊ ተጫዋች፣ የምዕራብ ሃያሲ «የሞራል ውስብስብነት» ብሎ ያለፈውን ነገር በሌላ ስሜት ያነበዋል ብዬ አስባለሁ። በግምገማዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ይህንን ክፍል አወድሰውታል፤ ግን ወገን መረጣ እንደሚባል የጨዋታ ስልት እንጂ ጌሙ ሊናገረው የፈለገው ዋና ነገር እንደሆነ አድርገው የያዙት ጥቂቶች ናቸው።

ወቀሳው የሚጀምረው ከዋናው ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ሃያሲና ተጫዋች ተስማምተዋል። የአምላኩ ማሳደድ ከጎን ተልእኮዎቹ ጋር ሲነጻጸር አጭርና ቀጭን ነው፤ በደሴቶቹ ላይ የማይቆም ተጫዋች ቶሎ ይጨርሰዋል። ከአጭርነቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የሁለቱ ፍጥነት አለመጣጣም ነው። ግዙፍ ሐውልት እየረገጠ ሰው እያጠፋ ሲሄድ፣ ተጫዋቹ በሌላ ደሴት የጠፋ ሀብት ሲፈልግ፣ ለመርከቡ አዲስ ሸራ ሲገዛ፣ የሁለት ቤተሰቦች ጠብ ሲያስታርቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ጌሙም በዚህ አይቀጣውም። ባሕሩ «ቀስ በል፣ ሁሉን እይ» ይላል፤ አምላኩ «ፍጠን» ይላል። ይህ ችግር በብዙ ሰፊ ጌሞች ላይ ቢኖርም ዴድፋየር ላይ የጎላው ደሴቶቹ ከመጠን በላይ ስለሚያጓጉ ነው። አማልክቱ ተጫዋቹን ወደ ጉባኤያቸው እየጠሩ ሲጨቃጨቁ ብዙ ሰው ወደ ነከታካ ለመመለስ ይቸኩላል። በመጨረሻም ኡካይዞ የተባለችው የጠፋች ከተማ ላይ ሲደረስ ኢዮታስ ያሰበውን ይፈጽማል፤ ተጫዋቹ ሊያስቆመው አይችልም፤ ሊነካ የሚችለው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ደፋር ውሳኔ አየው። ብዙ ሰዓት ካሳለፈ በኋላ ምርጫው ዋጋ እንደሌለው የተሰማው ተጫዋች ግን ከፋው፤ ሊከፋውም ይገባ ነበር። ታሪኩ ከመጀመሪያው ሰውን ትንሽ፣ አምላክን ትልቅ አድርጎ ቢያሳየውም ተጫዋቹ ግን በደሴቶቹ ላይ የንግሥታትን ዕድል ሲወስን ቆይቶ ነው እዚያ የደረሰው።

አሁን ወደ መርከቡ። ካርታው ላይ ጠላት መርከብ ሲገጥም ማዕበሉና መድፉ በዓይን ይታያል ብሎ የጠበቀ ሰው የሚያገኘው አንድ ሥዕልና ጽሑፍ ነው። ርቀቱ በቁጥር ይነገራል። ተጫዋቹ በየተራው አንድ ትእዛዝ ይመርጣል፤ በግማሽ ሸራ ቅደም፣ መርከቡን አዙር፣ ቦታህን ያዝ፣ በቀኝ ጎን ያሉትን መድፎች ተኩስ። መድፎቹ እንደገና እስኪጎርሱ ተራ ይጠበቃል። የተመታው ሸራም፣ የመርከቡም ጎን፣ የቆሰለውም መርከበኛ በጽሑፍ ይገለጻል። ሁለቱ መርከቦች ሲጠጋጉ ግን ትዕይንቱ ይለወጥና ቡድኑ የጠላት መርከብ ላይ ዘሎ ይወጣል፤ ያኔ የተለመደው ውጊያ በመርከቡ ወለል ላይ ይካሄዳል፤ እሱ አስደሳች ነው። ብዙ ተጫዋች ይህን ሲረዳ መድፉን ትቶ በቀጥታ ወደ መጠጋጋቱ መሮጥ ጀመረ። ስቱዲዮው ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያፈሰሰበት አንድ ሥርዓት ተጫዋቹ የሚያልፈው መሰናክል ሆነ።

ይህን ስልት የወደዱት ነበሩ። በጽሑፍና በሥዕል የሚካሄደው ትዕይንት በ1992 ከወጣው ከ«ዳርክላንድስ» የተወረሰ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍልም ተወድዶ ነበር። ግንብ መውጣት፣ በር መስበር፣ በድብቅ ማለፍ በዚህ መንገድ ሲተረክ ምናብን ያሠራል። ለባሕር ውጊያ ግን አልበቃም። ሰው ስለ ባሕር ወንበዴ ጌም ያለው ግምት በ2013 በወጣው «አሳሲንስ ክሪድ 4፦ ብላክ ፍላግ» ተቀርጾ ነበር። እዚያ መሪው በእጅ ይያዛል፤ ማዕበሉ መርከቡን ያነሣል፤ መድፉ ሲተኮስ ጭሱ ይታያል። ከዴድፋየር ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ «ሲ ኦቭ ቲቭስ» ወጥቶ ሚሊዮኖች ጓደኞቻቸውን ይዘው ሸራ እየጎተቱ፣ መልሕቅ እየጣሉ ይጫወቱ ነበር። ዴድፋየር ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ዓይነት ጌም አይደለም፤ ማወዳደሩም ፍትሐዊ አይደለም። ገዢው ግን አወዳደረ፤ ምክንያቱም በማስታወቂያው ላይ ያየው መርከብ ነው።

ባሕሩ ሙሉ በሙሉ አልከሸፈም። ካርታው ላይ ሲጓዙ መርከበኞቹ የሚያዜሙት የባሕር ዜማ በተጫዋቾች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወደዳል፤ ጀስቲን ቤል ያቀናበረው ሙዚቃም እንዲሁ። ለመርከበኞች የሚገዛው ምግብና መጠጥ ሞራላቸውን ይነካል፤ ምግቡ መናኛ ሲሆን ያጉረመርማሉ። በዚህ ትንንሽ ነገር ውስጥ የመርከብ ሕይወት አለ። ያልታወቀ ደሴት አግኝቶ ስም የማውጣት ዕድሉም እንደዚያው። ጌሙ ባሕርን በደንብ የሚያሳየው ሲተርክ እንጂ ሲያዋጋ አይደለም።

ተጫዋቾች ከሃያስያን ቀድመው ያዩት አንድ ጉድለት ነበር፤ ጌሙ ሲወጣ ቀላል ነበር። ደሴቶቹን እየዞረ ሁሉን ተልእኮ የሠራ ተጫዋች ከዋናው ታሪክ ጠላቶች በላይ ያድግና ውጊያው ትርጉም ያጣል። ክህሎቶችን የማዳቀል አዲሱ ሥርዓት፣ ሁለት ሙያዎችን በአንድ ገጸ ባሕርይ የሚያጣምረው፣ በብልሃት ለሚጠቀምበት ሰው ጠላቱን ሁሉ ገለባ አደረገለት። ለግምገማ የሚጫወት ሰው በአብዛኛው ቀን ይቆጠርበታል፤ መካከለኛ ክብደት መርጦ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። ከባዱን ደረጃ መርጦ አንድን ገጸ ባሕርይ ለማሳመር ሳምንት የሚያጠፋው ተጫዋች የሚያየውን ለማየት ጊዜ የለውም። ስቱዲዮው ቅሬታውን ሰምቶ ጌሙ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የከባዶቹን ደረጃዎች ውጊያ እንደገና አስተካከለ። በዓመቱ ውስጥም ሦስት ተጨማሪ ክፍሎች አወጣ፤ የበረዶውን ደሴት፣ የውጊያውን ሜዳና የጠንቋዮቹን የተረሳ መቅደስ። ዛሬ ጌሙን የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በሜይ 2018 ከተገመገመው የተሻለ ሥራ ነው፤ ነጥቡ ግን የዚያን ቀን ሥራ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል።

ሌላው የተጫዋቾች ቅሬታ ስለ ባልደረቦቹ ነው። ኤደርና አሎት ከመጀመሪያው ክፍል የመጡ የቆዩ ወዳጆች ናቸው። አዲሶቹ፣ ወንበዴው ሴራፌን፣ የራዋታይዋ ተኳሽ ማያ ሩዋ፣ የውኃ ጠቢቡ ተኬሁና ካህኗ ዞቲ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ወገን ወይም እምነት ፊት ሆነው ቀርበዋል። ማን ምን እንደሚወድና እንደሚጠላ የሚቆጥር ሥርዓት አለ፤ ይህ ሥርዓት ግን ሰዎቹን ሊያፋጥናቸው ቸኮለ። ጥቂት ደግ ቃል የተለዋወጡ ሁለት ሰዎች ወዲያው ወደ ፍቅር ጨዋታ መግባታቸው ብዙዎችን አላሳመነም። በታሪኩ መጨረሻ ግን ተጫዋቹ ወገን ሲመርጥ ታማኝነቱ ለሌላ ወገን የሆነው ባልደረባ ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ይረሳና የሰው ነገር ይቀራል። ድምፁ በሙሉ በተዋናዮች መነገሩም ረድቷል፤ ከነሱ መካከል በ«ክሪቲካል ሮል» ዝግጅት የሚታወቁት ይገኙበታል።

የገበያው ጉዳይ ከዚህ በፊት ምልክት ነበረው። የመጀመሪያው ክፍል በ2012 በኪክስታርተር ገንዘብ ሲያሰባስብ ወደ 74,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አዋጡለት። በ2017 መጀመሪያ ላይ ለዴድፋየር በፊግ በኩል ሲሰበሰብ ገንዘቡ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር አደገ፤ የደጋፊው ቁጥር ግን 33,614 ነበር። የገንዘቡ አንድ ክፍል ከጌሙ ሽያጭ ድርሻ ለማግኘት ከገቡ ባለሀብቶች የመጣ ነው። ግቡ የሆነው 1.1 ሚሊዮን ዶላር አንድ ቀን ሳይሞላ በመሙላቱ ሁሉም ተደሰተ፤ ሰው በግማሽ መቀነሱን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው። በእርግጥ መድረኩ ተለውጧል፤ ኪክስታርተርን የሚያውቅ ሁሉ ፊግን አያውቅም። ቢሆንም በ2012 የነበረው ስሜት በ2017 አልነበረም።

በ2012 ሰው ያዋጣው ለአንድ ናፍቆት ነበር። «ባልዱርስ ጌት»ን፣ «አይስዊንድ ዴል»ንና «ፕሌንስኬፕ፦ ቶርመንት»ን የመሰለ ጌም ለብዙ ዓመት አልተሠራም፤ ኦብሲዲያን እሠራዋለሁ አለ። «ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲ» በማርች 2015 ወጥቶ በሜታክሪቲክ 89 አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ሽያጩ ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ። ግን ከገዙት መካከል በጽሑፉ ብዛት ደክመው መንገድ ላይ የተዉት ጥቂት አይደሉም። ያልጨረሰ ሰው «2» የሚል ቁጥር ሲያይ ወደ ኋላ ይላል። ዴድፋየር ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ የመጀመሪያውን ክፍል ግንብ ያፈርሳል፤ ሐዘኑ የሚሰማው ግንቡን የሚያውቅ ሰው ነው። ጫካና ጭጋግ የናፈቀው የድሮ ተጫዋች ዘንባባና የጠመንጃ ጭስ ቀረበለት፤ ለአንዳንዱ ይህ ያልጠበቀው ነገር ነበር። እኔ ለውጡን እንደ ድፍረት ነው የማየው።

ስለ ውጊያው ስልትም ብዙ ተብሏል። ዴድፋየር ውጊያው በቅጽበት የሚካሄድ፣ ተጫዋቹ ሲፈልግ አቁሞ ትእዛዝ የሚሰጥበት ነው። በሴፕቴምበር 2017 የወጣው የላሪያን ስቱዲዮ «ዲቪኒቲ፦ ኦሪጅናል ሲን 2» ግን በተራ የሚዋጉበት ነበር፤ ጓደኛ ይዞም ይጫወቱታል፤ በሜታክሪቲክ 93 አግኝቶ በጥቂት ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጠ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው የድሮው የውጊያ ስልት ዘመኑ አልፏል አሉ። ኦብሲዲያንም በጃንዋሪ 2019 በተራ የመዋጋት ምርጫ ለዴድፋየር ጨመረ። ይህ መልስ ግን ሙሉ አይደለም። ዴድፋየር ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ «ፓዝፋይንደር፦ ኪንግሜከር» በዚያው በድሮው ስልት፣ ያውም ብዙ ስሕተት ይዞ ወጥቶ ገዢ አገኘ፤ ተከታይም አፈራ። እሱ ግን ሲያስተዋውቅ ቃል የገባው ነገርና ውስጡ የነበረው አንድ ነበር፤ ግዛት መምራት።

ዴድፋየር ብቸኛው ምሳሌ አለመሆኑን ለማየት ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በጀርመን ኤሰን የሚገኘው ፒራኛ ባይትስ በ2012 «ራይዘን 2፦ ዳርክ ዋተርስ»ን አወጣ። እሱም ምናባዊ አርፒጂ፣ እሱም ወንበዴ፣ እሱም ደሴት። እዚህ ግን ሃያሲና ተጫዋች የተቀመጡት በተቃራኒ ወገን ነው። ሃያስያን በኮምፒውተር ቅጂው ላይ መካከለኛ ነጥብ ሰጡት፤ በኮንሶሎቹ ላይ ደግሞ ቀጡት። ውጊያው ሻካራ ነው፣ እንቅስቃሴው ግትር ነው አሉ። የስቱዲዮው የቆዩ ወዳጆችም ቅሬታ ነበራቸው፤ የደሴት ጌም ሆኖ ጀግናው መዋኘት አለመቻሉ ብዙ አነጋገረ። የወደዱት ግን የወደዱት በወንበዴው ምክንያት ነው። ጥንቆላው ቩዱ ነው፤ በቀቀን ጠላትን ያዘናጋል፤ ዝንጀሮ ሾልኮ ይሰርቃል፤ ሰው ሁሉ ይሳደባል፣ ሮም ይጠጣል፣ ይዋሻል። ነጥቡ ከዴድፋየር በእጅጉ ቢያንስም የቀረበው ነገር ከተነገረው ጋር አንድ ነበር። ስቱዲዮው በ2014 «ራይዘን 3»ን ይዞ ወደዚያው ባሕር ተመለሰ። በ2024 የመዘጋቱ ዜና ሲሰማ የድሮ ተጫዋቾች ከጠቀሷቸው ትዝታዎች መካከል ይህ ጌም ነበረበት። ዴድፋየር በጽሑፍ፣ በአሳብ፣ በሙዚቃ ከእሱ ብዙ እጥፍ ይልቃል። ወንበዴ መሆን ምን እንደሚመስል ለማሳየት ግን «ራይዘን 2» ቀረብ ይላል።

ከ2018 በኋላ የሆነው ነገር ውይይቱን ሳይዘጋ አቆይቶታል። በኖቬምበር 2018 ማይክሮሶፍት ኦብሲዲያንን መግዛቱን አስታወቀ። የኮንሶል ቅጂው በጃንዋሪ 2020 ወጣ፤ ሃያስያን ታሪኩን እንደገና አመስግነው የመጫኛ ጊዜውን ርዝመት ወቀሱ። ታቅዶ የነበረው የስዊች ቅጂ ቀረ። አሳታሚው ቨርሰስ ኢቭል በ2023 መጨረሻ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት «ባልዱርስ ጌት 3» ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ ብዙ አዲስ ተጫዋች «ከዚህ ቀጥሎ ምን ልጫወት?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሚሰጡት መልሶች መካከል የዴድፋየር ስም አይጠፋም። በተራ የመዋጋት ምርጫ መጨመሩም ለእነዚህ ሰዎች በሩን ከፈተ። ሶየር ራሳቸው የ«ባልዱርስ ጌት 3»ን ያህል በጀት ቢያገኙ ሦስተኛ ክፍል መሥራት እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። በ2025 ደግሞ ስቱዲዮው የመጀመሪያውን ክፍል 10ኛ ዓመት ሲያከብር ለእሱም በተራ የመዋጋት ምርጫ እንደሚጨምር አስታወቀ። በገዢ ማጣት የተጀመረ ለውጥ ወደ ኋላ ሄዶ የበኩሩን ክፍል ለወጠ ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 የወጣው «አቮውድ» ያንኑ ዓለም ይዞ በአንደኛ መደብ ዕይታ የሚጫወቱት ጌም ሆነ፤ ታሪኩም ከዴድፋየር በኋላ ነው። የዴድፋየር ወዳጆች ይዘውት የመጡት ጥያቄ ግን ስለ ውጊያ ስልት አልነበረም። ሁአናዎች ምን ሆኑ? ደሴቶቹን የወሰደው የትኛው ኩባንያ ነው? ጉሮሮ ውስጥ የቀሩት ሮፓሩዎች በሉ ወይ? ጌሙ ወደ ሌላ ምድር ስለሄደ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ሃያስያን በ2018 በጥቂት አንቀጽ ያለፉት ጉዳይ ተጫዋቾች ሰባት ዓመት ሙሉ ይዘውት የቆዩት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ ክፍል ከተሠራ መነሻው እሱ ቢሆን እመርጣለሁ። አማልክቱ ሊጠብቁ ይችላሉ።